የተማሪዎች ግሩፕ ለምን ይሞላል፣ የዩኒቨርሲቲው ገጽ ለምን ባዶ ይቀራል?

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር መጀመሪያ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ እንደወትሮው መከፈት አቆሙ፤ ገደቡ የተነሣው ከአምስት ወራት ገደማ በኋላ፣ በሐምሌ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እነዚያ ወራት ከባድ ነበሩ። ቀድሞ እንደ ሕግ ባሉ ጥቂት መስኮች ብቻ ይሰጥ የነበረው የመውጫ ፈተና፣ ማለትም ተማሪው ለመመረቅ የሚወስደው ማጠቃለያ ፈተና፣ በዚያው ዓመት ወደ ሌሎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ተስፋፍቶ፣ የመጀመሪያው ዙር በሐምሌ እንዲሰጥ ተወስኖ ስለነበር፣ ተመራቂው የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርቱን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ መከለስ ነበረበት። ለክለሳው የሚያስፈልገው ሾርት ኖት፣ የፈተናው ብሉፕሪንት (ፈተናው ምን ምን እንደሚሸፍን የሚያሳየው ዕቅድ)፣ የየኮርሱ የጥያቄ ስብስብ በብዛት ይዘዋወር የነበረው ደግሞ በተዘጋው በር በኩል፣ በቴሌግራም ነበር።

ብዙ ተማሪዎች የተዘጋውን ገጽ በሌላ መስመር አዙሮ የሚከፍተውን ፕሮግራም፣ ቪፒኤንን፣ ጫኑ። ቪፒኤን ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ በደካማ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ሲገናኝና ሲቋረጥ ያመሻል፤ አንድ የጥያቄ ፋይል ለማውረድ ሌሊት መነሣት የግድ የሆነባቸው ነበሩ። ያም ሆኖ ግሩፖቹ አልተበተኑም። በዚያው ጊዜ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የኢ-ለርኒንግ (በኢንተርኔት የመማሪያ) ገጽ ተዘርግቶ፣ ያለ ምንም ገደብ በጊቢው ዋይፋይ ሊከፈት ይችል ነበር። የተከፈተውን ትቶ የተዘጋውን በር የሚያንኳኳ ተማሪ ምን ፈልጎ እንደሆነ መጠየቅ፣ ተማሪዎች ቴክኖሎጂን ለትምህርት የሚቀበሉበትን ምክንያት ለመረዳት ከሁሉ የተሻለ መነሻ ይመስለኛል። ጥያቄው ገንዘብም አለበት፤ ለሰርቨር፣ ለሥልጠናና ለዲጂታል ይዘት ዝግጅት የሚወጣው ሀብት ተማሪው በማይገባበት ገጽ ላይ ከቀረ፣ የሚባክነው ድሃ አገር ለትምህርት የመደበችው በጀት ነው።

በመጀመሪያ ስያሜውን እናጥራ። በሌላው ዓለም ተመራማሪዎች ሰዎች እርስ በርስ እየተያዩ፣ እየተጠያየቁና እየተራረሙ የሚማሩበትን ቴክኖሎጂ ለብቻው ለይተው ያጠናሉ። ቃል በቃል «የማኅበራዊ ትምህርት ቴክኖሎጂ» ብንለው እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው «ማኅበራዊ ትምህርት» ስለሚመጣብን፣ በዚህ ጽሑፍ «የጋራ መማሪያ ቴክኖሎጂ» እለዋለሁ። የጋራ መማሪያ የሚያሰኘው የተሠራበት ዓላማ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። ቴሌግራም በነሐሴ 2005 ሲጀመር ለትምህርት የታሰበ አልነበረም፤ ዛሬ ግን በኢትዮጵያ ጊቢዎች ዋናው የጋራ መማሪያ ሆኗል። በአንጻሩ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኢ-ለርኒንግ ገጹ የሚሠራበት ሙድል የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ፣ ዕውቀት በሰዎች መካከል በሚደረግ ሥራና ውይይት ይገነባል የሚል ፍልስፍና ተይዞ የተሠራ ነው። የውይይት መድረክ አለው፤ ተማሪዎች አብረው የሚጽፉበትና አንዱ የሌላውን ሥራ የሚገመግምበት ክፍልም አለው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን በአብዛኛው መምህሩ ፓወርፖይንቱን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ሆኖ ቀርቷል።

አብሮ መማር ራሱ ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ተማሪ ታናናሾቹን ያስጠናል፤ መምህሩ ለሁሉም በየተራ የማይደርስ በመሆኑ ዕውቀቱ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 ከመሞቱ በፊት የጻፈው ሐሳብም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፦ ተማሪ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና ከእሱ ትንሽ ቀደም ባለ ሰው እርዳታ ሊሠራው በሚችለው መካከል ክፍተት አለ፤ ትምህርት የሚካሄደውም በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። በጊቢ ሕይወት ይህን ክፍተት የሚሞላው ሲኒየሩ፣ የዶርም ጓደኛው፣ ትናንት ያው ጥያቄ አስቸግሮት ዛሬ የገባው የክፍል ጓደኛው ነው። ቴሌግራም ያደረገው ይህንኑ ነባር ልማድ ከዶርሙ ግድግዳ ማውጣት ነው።

ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ ለምን ይቀበላሉ የሚለውን ለማስረዳት በዓለም ላይ በብዛት የተሠራበት ሞዴል ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ነው። ሞዴሉ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፦ ተጠቃሚው «ይጠቅመኛል» ብሎ ማመኑንና «አያስቸግረኝም» ብሎ ማመኑን። እ.ኤ.አ. በ2003 ቪስዋናት ቬንካቴሽና ሦስት ባልደረቦቹ ስምንት ቀደምት ሞዴሎችን አዋሕደው አራት ምክንያቶችን አስቀመጡ፤ ከሁለቱ በተጨማሪ የሌሎች ሰዎች ተጽዕኖና አመቺ ሁኔታ፣ ማለትም መሣሪያው፣ መስመሩና ድጋፉ መኖሩ፣ ተካተቱ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ደስታ፣ ዋጋና ልማድ ተጨመሩ። የተማሪዎችን ዝንባሌ የሚያጠኑ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የእኛዎቹን ጨምሮ፣ ከእነዚህ ሞዴሎች መጠይቅ ቀድተው ይሠራሉ። ሞዴሎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን «ይጠቅመኛል» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ከፍቶ ማየት የእኛ ፈንታ ነው።

የ2015ቱ ገደብ ለዚህ ጥሩ ፈተና ሆኖ ነበር። አጠቃቀሙ እጅግ አስቸጋሪ፣ ዋጋው የጨመረ፣ አመቺ ሁኔታው የተበላሸ ሆኖ ሳለ ተማሪው ከግሩፑ አልወጣም። እንግዲህ ቅለት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ጥቅሙና የሰዎቹ መኖር ችግሩን በለጡት ማለት ነው።

ጥቅሙን በቅርበት ስናየው መጀመሪያ የምናገኘው ፈተናን ነው። ይህን ለማለት ማፈር አያስፈልግም። በአንድ ጊቢ ውስጥ የፍሬሽማን ተማሪ ለአንድ ኮርስ የተመደበውን መጽሐፍ ከላይብረሪ ለማግኘት ወረፋ ይጠብቃል፤ ቅጂው ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነው። ሃንድአውቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። በግሩፑ ግን የመጽሐፉ ፒዲኤፍ፣ ያለፉት ዓመታት ሚድና ፋይናል፣ የተሠራ ወርክሺት፣ የሲኒየር ሾርት ኖት በአንድ ቦታ ተከማችቶ ይገኛል፤ ፋይሉ እስከ ሁለት ጊጋ ባይት ቢሆን እንኳ ይላካል፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ቢፈለግም በስሙ ይወጣል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌግራም ትክክለኛውን መልስ የሚያሳይ የጥያቄ ዓይነት ስለጨመረ፣ የመውጫ ፈተና ቻናሎች በየምሽቱ ጥያቄ እየለጠፉ ተማሪው ጓደኞቹ ምን ያህል እንደመለሱ በመቶኛ እያየ ራሱን ይለካል። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይምሰል። ብቻውን የሚያጠና ተማሪ የት እንደቆመ አያውቅም፤ ከመቶ ሰው ሰባው የመለሰውን ጥያቄ እሱ ሲስት ግን ምን መከለስ እንዳለበት ያውቃል፣ ሁሉም የሳተውን ሲስት ደግሞ አይደናገጥም።

ለጥቅሙ ሁለተኛው መሠረት መረጃ ነው። ክፍሉ ተቀየረ፣ መምህሩ ዛሬ አይገቡም፣ አሳይመንቱ እስከ ዓርብ ይገባል፣ የሚዱ ምዕራፍ ተቀነሰ፤ ይህ ሁሉ በክፍሉ ተወካይ አማካይነት መጀመሪያ የሚደርሰው ግሩፑ ውስጥ ነው። ከግሩፑ ውጭ ያለ ተማሪ ባዶ ክፍል ገብቶ ይመለሳል። ስለዚህ የሌሎች ተጽዕኖ የሚባለው ነገር በእኛ ጊቢ ከጓደኛ ግፊት የጠነከረ ነው፤ ሁሉም ያለበት ቦታ አለመኖር ዋጋ ያስከፍላል። የቬንካቴሽና የባልደረቦቹ ጥናት የሌሎች ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው አጠቃቀሙ ግዴታ በሆነበት ቦታና ተጠቃሚው ገና አዲስ በሆነበት ጊዜ መሆኑን ያሳያል። የክፍል ግሩፕ በወረቀት ግዴታ አይደለም፣ በተግባር ግን ግዴታ ነው፤ ፍሬሽማን ደግሞ ለሁሉም ነገር አዲስ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ለምን እንደሚገባ ግልጽ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ፈተናና መረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተማሪው ፋይሉን አውርዶ ዝም ይል ነበር። ብዙዎች ዝም ይላሉም። የሚጠይቀው፣ የሚመልሰው፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የማያውቀው ልጅ የላከውን ጥያቄ በወረቀት ሠርቶ ፎቶ አንሥቶ የሚልከው ግን ሌላ ነገር ይዞት ነው። እዚህ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ይመስለኛል፣ መጠይቆቻችንም በብዛት የሚያልፉት ይህንኑ ነው።

በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በዩኒቨርሲቲም፣ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ማለት ያልገባህን ነገር በደንብ በማትናገረው ቋንቋ፣ በመቶ ሰው ፊት፣ ለምታከብረው መምህር መግለጽ ማለት ነው። ከተሳሳትክ ሳቅ አለ። ሳቁ ባይኖርም ይሉኝታ አለ፤ «መምህሩን አስቸገርኩ፣ የሌላውን ጊዜ በላሁ» የሚል ስሜት ብዙ ጥያቄ ገና ከአፍ ሳይወጣ ይገድላል። ክፍሉ ሲያልቅ «ጥያቄ አለ?» ተብሎ ዝምታ የሚሰፍነው ሁሉም ስለገባው አይደለም፤ ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በግሩፑ ውስጥ ግን ያው ተማሪ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል መሐል ላይ እየሰነቀረ። ስልክ ቁጥሩን ሰውሮ በመለያ ስም ብቻ መግባት ስለሚችል ማንነቱ እንዲታወቅ ካልፈለገ አይታወቅም። የሚመልስለትም እንደ እሱ ተማሪ ነው፤ «ይቺ እኮ ቀላል ናት፣ ቻፕተር ሁለት ላይ ያለውን ፎርሙላ ነው የምትጠቀመው» ብሎ በሚያውቀው ቋንቋ ያስረዳዋል። ጽንሰ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ተነግሮት ያልገባው ተማሪ በእናት ቋንቋው አንዴ ሲገባው ወደ እንግሊዝኛው መልሶ ይወስደዋል። ይህ የትርጉም ሥራ በየዕለቱ በሺህ ግሩፖች ውስጥ የሚካሄድ፣ ማንም ያልከፈለበትና ማንም ያልመዘገበው የማስተማር ሥራ ነው። ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ የምንከራከር ሰዎች ክርክራችንን ትተን ለአንድ ሳምንት እነዚህን ግሩፖች ብናነብ ብዙ እንማር ነበር።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን፣ ሰው ከውስጥ ተነሣሥቶ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል ይላሉ፦ በራሱ ፈቃድ እየሠራ መሆኑ፣ ችሎታው እያደገ መሆኑን ማየቱና ከሌሎች ጋር መተሳሰሩ። ሦስቱም በግሩፑ ውስጥ ይገኛሉ፤ በተለይ ሦስተኛው በእኛ ሁኔታ ልዩ ክብደት አለው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በምደባ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ወደማያውቀው ክልል ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ካፌው የት እንደሆነ፣ ላይብረሪው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚነግረው ዘመድ የለውም። ጠይቆ የሚመለስለት የመጀመሪያው ቦታ ግሩፑ ይሆናል። መላሹ ሲኒየር ደግሞ ከዓመት በፊት እሱም እንደዚሁ ጠይቆ ተመልሶለታል። «ውለታ» ብለን የምንጠራው ነገር እዚህ ይሠራል፤ ለመለሰልህ ሰው ባትመልስ ለሚቀጥለው ባች ትመልሳለህ። የምርጥ መላሾች ስም በጊቢው ይታወቃል፣ ሰው ይፈልጋቸዋል፣ ቱቶሪያል እንዲሰጡ ይለመናሉ። ክብር ጥሩ ደመወዝ ነው።

ፈቃድ የሚለውን ነገር በደንብ የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ አለን። በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ተዘርግቶ ነበር። አምስት ተማሪዎች በአንድ ጎበዝ ተማሪ ዙሪያ ተደራጅተው እንዲረዳዱ የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ሲታይ ከቪጎትስኪ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። በተግባር ግን ብዙ ተማሪዎች እንደ ጫና፣ ከዚያም አልፎ እንደ ፖለቲካ መቆጣጠሪያ አዩት፤ አደረጃጀቱ ያው በገበሬው መንደርና በመሥሪያ ቤቱም የተዘረጋ ነበርና እንዲህ ማሰባቸው አይፈረድባቸውም። ሪፖርት ይሞላ ነበር፣ ስብሰባ ተካሄደ ይባል ነበር፤ መረዳዳቱ ግን እዚያው ዶርም ውስጥ፣ ተማሪው ራሱ ከመረጠው ጓደኛ ጋር ቀጠለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ተማሪ ማንም ሳያዘው ሁለትና ሦስት የጥናት ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ሲረዳዳ አየነው። የተለወጠው ማን መረጠው የሚለው ነው፤ ተግባሩ ያው ነው። የኢ-ለርኒንግ ገጽን «ያልገባ ነጥብ ይቀነስበታል» ብሎ የሚያስጀምር መምህር ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። ተማሪው ይገባል፣ ፋይሉን ያወርዳል፣ ይወጣል፤ የወረደውንም ፋይል ግሩፑ ላይ ለጥፎት እዚያው ይወያዩበታል።

ስለ ዋጋና ስለ መስመር ሳያወሩ ማለፍ አይቻልም። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ሲቀንስ፣ በ2015 መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም ወደ ገበያው ሲገባ፣ ስልክ ለተማሪው የትምህርት መሣሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፋ። ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ብዙ ነው፤ ስልክ የሌለው ግን ጥቂት ነው፤ በስልክ ላይ በደንብ የማይከፈት ገጽ ደግሞ ለአብዛኛው ተማሪ እንደሌለ ይቆጠራል። ቴሌግራም በደካማ ኔትወርክ ላይ ጽሑፉን አስቀድሞ ያደርሳል፤ አንድ ሰው ያወረደውን ፋይል ሌላው በብሉቱዝ ወይም በፋይል ማጋሪያ ይወስደዋል፤ አንድ ዶርም አንድ ሰው ባወረደው ይማራል። የሌሊት ጥቅል የሚገዛው ልጅ በዶርሙ ውስጥ ትልቅ ሰው ነው።

የአመቺ ሁኔታ አለመኖር ከባድ የሚሆነው መስመሩ ጨርሶ ሲጠፋ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር ወይም በመቀሌ የሚማር ተማሪ ምንም ያህል ተነሣሽነት ቢኖረው የሚነሣበት ነገር አልነበረውም። በቪፒኤን የሚታለፍ ገደብ አለ፤ የማይታለፍም አለ። የሌላ ከተማ ተማሪ ለመውጫ ፈተናው በየምሽቱ በቻናል ሲለማመድ፣ ያው ፈተና የሚጠብቀው የአማራ ክልል ተማሪ በአብዛኛው በታተመ ወረቀት ተዘጋጀ። ይህ ኢፍትሐዊነት ነው፤ በፈተና ውጤት ንጽጽር ውስጥ ሲገባም የተማሪው ጉድለት ተደርጎ እንዳይነበብ መጠንቀቅ ይገባል።

የኮቪድ ዘመንም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በሽታው በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጥ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም በኋላ ወደየቤቱ ተሸኘ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ተሞከረ፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ተማሪ ግን በአመዛኙ ለወራት ቆመ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኢ-ለርኒንግ ክፍላቸውን በቁም ነገር ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና ማስተርካርድ ፋውንዴሽን አብረው የጀመሩት የከፍተኛ ትምህርት ኢ-ለርኒንግ ፕሮግራምም የዚህ መነቃቃት አካል ነው። ጥረቱ የሚመሰገን ነው፤ መምህራንን ማሠልጠንና ኮርሶችን በዲጂታል መልክ ማዘጋጀት አስፈላጊ ነው። ሥጋቴ የተማሪው ተነሣሽነት ከይዘት ጥራት ጋር ብቻ እንዳይያያዝ ነው። ያማረ ኮርስ ውስጥ ጓደኛው ከሌለ፣ ጥያቄውም ለሦስት ቀን መልስ ካጣ፣ ተማሪው ተመልሶ ወደ ግሩፑ ይሄዳል።

ግሩፑን ግን ከሚገባው በላይ ማሳመር አልፈልግም። ተማሪውን የሚያመጣው ምክንያት ግሩፑ ምን እንደሚሆንም ይወስናል። ሁሉም ለፈተና ብቻ ከመጣ፣ ግሩፑ የተሠራ አሳይመንት የሚቀዳበት ቦታ ይሆናል፤ አንድ ልጅ ይሠራል፣ አርባው ይገለብጣል፤ የሠራው ልጅም ይደክመውና ይተዋል። «የዘንድሮው ፈተና አለኝ» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ አጭበርባሪ ቻናሎች የሚኖሩት በዚሁ ጭንቀት ላይ ነው። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ መሰረዙን፣ ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮም ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ መደረጉን የሚያስታውስ መንግሥት እነዚህን ግሩፖች በጥርጣሬ ቢያይ ምክንያት አለው። ከዚህ የከበደም አለ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ የተማሪዎች ሕይወት ሲጠፋ፣ ወሬና ፎቶ ከጊቢ ጊቢ የተዛመተው ሾርት ኖቱ በሚዘዋወርባቸው ስልኮች ነው። የመተሳሰር ፍላጎት በብሔርና በመንደር ብቻ ሲታጠር አብሮ ከማስጠናት ይልቅ አብሮ ያስፈራል። ሴት ተማሪዎችም ጥያቄ በለጠፉ ቁጥር በውስጥ መስመር የማይፈልጉት መልእክት ስለሚጎርፍላቸው ዝምታን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ለወንዱ ድፍረት የሰጠው ቦታ ለእሷ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ሆኗል ማለት ነው። ተነሣሽነትን በአማካይ ቁጥር የሚለካ ጥናት ይህን ልዩነት አያሳይም።

ከኅዳር 2015 ወዲህ ደግሞ ለተጻፈለት ጥያቄ በራሱ መልስ የሚያዘጋጀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ቻትጂፒቲ፣ ለሕዝብ ቀርቧል፤ በቴሌግራም ውስጥ የሚሠሩ መልስ ሰጪ ቦቶችም እየበዙ ነው። ጥያቄውን ለግሩፑ ይልክ የነበረ ተማሪ አሁን ለማሽን ይልካል፤ አያፍርም፣ አይጠብቅም፣ ውለታም አይገባም። በጥቅምና በቅለት ሚዛን ይህ ለተማሪው ትርፍ ብቻ ነው። የሚጎድለው ግን ጥያቄውን ይመልስለት የነበረው ሲኒየር የሚያገኘው ነገር ነው፤ ማስረዳት የሚማሩት በማስረዳት ነው፣ የሚያስረዳ ሰው ያጠናውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ይማረዋልና። ጠያቂው ወደ ማሽን ሲሄድ መላሹም ከትምህርቱ ይቀራል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚሰጡት የማሽን መልሶች ገና ስለሚሳሳቱ ይህ ለውጥ በእኛ ዘንድ ዘግየት ሊል ይችላል፤ የተገኘው ጊዜ ረጅም አይሆንም።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ምን ማድረግ ይችላል? ግሩፖቹን መውረስ የለበትም፤ መምህር የገባበት ግሩፕ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ ተማሪውም በማግሥቱ መምህር የሌለበት ሌላ ግሩፕ ይከፍታል። ይልቁንም ተማሪው ወደዚያ የሄደበትን ምክንያት ወደ ራሱ ቤት ማስገባት ይችላል። ያለፉ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው በይፋ ቢያወጣ የአጭበርባሪው ገበያ ይደርቃል። በኢ-ለርኒንግ ገጹ ላይ በስውር ስም መጠየቅን ቢፈቅድ፣ በአገር ቋንቋ መጠየቅንም ነውር ባያደርገው፣ ክፍል ውስጥ የታፈነው ጥያቄ ይወጣል። ጎበዝ አስረጂ ሲኒየሮችን ለይቶ በትራንስክሪፕታቸው ላይ የሚታይ ዕውቅና ቢሰጣቸው፣ ሴት ተማሪዎች ያለ ሥጋት የሚጠይቁበትን መንገድ ከሴት አስረጂዎች ጋር ቢያዘጋጅ፣ ዛሬ በውለታ ብቻ የሚሠራው ሥራ ይጸናል። ይዘቱን በጊቢው ውስጣዊ ኔትወርክ ላይ ቢያኖረው ደግሞ፣ ውጭው ቢዘጋም ተማሪው ከዶርሙ ሊያነበው ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ከጊቢ ጊቢ ለማጋራት የሚያስችል መንገድ ነው።

ሁሉም ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ክፍል ገብቶ በተዋወቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተወካይ ይመረጣል፤ ተወካዩም በዚያው ምሽት ግሩፕ ከፍቶ ሊንኩን ያዞራል። የኢ-ለርኒንግ መለያ ስምና የይለፍ ቃል ግን ስም ዝርዝሩ ከሬጅስትራር እስኪወጣና እስኪጫን ድረስ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። መለያው ሲመጣ ክፍሉ ጠያቂውንና መላሹን ለይቷል፣ ፋይሉን አከማችቷል፣ ልማዱን ይዟል። የይለፍ ቃሉ ተማሪው ለምዝገባ በተሰለፈበት መስኮት፣ ከዶርም ቁልፉ ጋር በአንድ ላይ ቢሰጠው፣ በዚያው ቀንም ገጹን ሲከፍት የአንድ ሲኒየር ሰላምታና የመጀመሪያው ኮርስ ሾርት ኖት ቢጠብቀው፣ ሁለቱ ቦታዎች በእኩል መነሻ ይጀምሩ ነበር።